የመለማመጃ ተማሪ ሆኜ የሠራሁባቸው ስምንት ዓመታት

ባለፈው ሰኔ የሚኒስትሪ ፈተናን የመጨረሻ ወረቀት አስረክቤ ከክፍል ስወጣ፣ ከስምንት ዓመት ሥራዬ ጡረታ ወጣሁ። ማንም አልሸኘኝም። እኔም ራሴ ጡረታ መውጣቴን ያወቅሁት ዘንድሮ ነው። የዘጠነኛ ክፍል የአማርኛ መምህራችን «የአንድ ጡረተኛ የሥራ ዘመን ትዝታ ጽፋችሁ ኑ» ብለው የቤት ሥራ ሲሰጡን ጓደኞቼ አያት ፍለጋ ተሰማሩ። አንዷ የአያቷን የፖስታ ቤት ዘመን፣ ሌላው የጎረቤታቸውን የመንገድ ሥራ ይዘው መጡ። የእኔ አያቶች ገበሬዎች ናቸው፤ ገበሬ ደግሞ ጡረታ አይወጣም። አባቴን ብጠይቀው «ገና በጉልበቴ ጡረታ ልታስወጭኝ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ደብተሬን ዘርግቼ ብዙ ከተቀመጥኩ በኋላ፣ የማውቀው ሥራ የራሴ ብቻ መሆኑ ታየኝ። አንዴ ከጀመርኩ ደግሞ እጄ አልቆም አለ።

ሥራዬ እንዲህ ነበር። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የተማርኩበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዕጩ መምህራን ማስተማር የሚለማመዱበት ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ከጥምቀት በፊት አንዴ ከፋሲካ በኋላ፣ ጫማቸውን የወለወሉ ወጣቶች ከመምህራን ማሠልጠኛው ይመጣሉ። ለጥቂት ሳምንታት የእኛ መምህር ከኋላ ይቀመጥና ጠመኔውን እነሱ ይይዙታል። በመጨረሻው ሳምንት አሠልጣኛቸው የምልከታ ቅጽ ይዞ መጥቶ አንድ ክፍለ ጊዜ ያያቸዋል፤ ማለፍ መውደቃቸው የሚወሰነው ያን ቀን ነው። ሐኪም በበሽተኛ ይለማመዳል፤ እነሱ በእኛ ይለማመዱ ነበር። ሌላው ልጅ የሚማረው ለራሱ ነው፤ እኛ ሌላ ሰው መምህር እንዲሆንም እንማር ነበር።

ደሞዝ አልነበረውም። ልምምዱ ሲያልቅ ብስኩት ወይም እርሳስ ይሰጡናል፤ አንዷ ዕጩ የእያንዳንዳችንን ስም በቀለም የጻፈችበት ካርቶን ሰጥታናለች፣ የእኔው እስካሁን አልጋዬ ራስጌ አለ። ቅጹ ላይ ግን ስማችን አይገባም፤ «የተማሪ ብዛት» በሚለው ቦታ ቁጥር ሆነን እናልፋለን።

የመጀመሪያ ምድቤ የፊት ወንበር ነበር። እዚያ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። የፊት ወንበር ሥራ ቀላል ነው፤ ፈገግ ማለትና ጠመኔ ሲወድቅ ማንሳት ብቻ ነው። ዕጩ መምህር በመጀመሪያው ቀን ጠመኔ ሳይጥል አይውልም፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። ስታነሽለት ዓይንሽን ሰሌዳው ላይ አድርገሽ ነው እንጂ እጁን አይተሽ አይደለም። ይህን ማንም ሳይነግረኝ ነው የደረስኩበት።

አራተኛ ክፍል ስገባ ወደ መሃል፣ ከዘሃራ ጎን ተዛወርኩ። ሥራውን በትክክል ያስተማረችኝ እሷ ናት። አባቷ ይጁቤ ገበያ ላይ ጨርቅ ይሸጡ ነበር፤ ቤተሰቡ ወደ ማርቆስ ሲመጣ ትምህርት ስላመለጣት በዕድሜ ሁለት ዓመት ትበልጠናለች። ሱቅ ውስጥ ያደገች ልጅ ስለሆነች ሰው ታያለች።

«አባቴ ገዥ ሲገባ ፊቱን አይደለም የሚያየው፤ እጁን ነው» አለችኝ አንድ ጠዋት፣ አዲሱ ዕጩ ገና ስሙን ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ። «የዚህን ሰውዬ እጅ እይው።»

«ምን ሆነ?»

«ከሰሌዳው ከግራ ጫፍ ጀምሮ አይደል የሚጽፈው? ይኸ ኖት የሚያስገለብጥ ነው። እስክሪብቶሽን ቅረጭና ጠብቂ።»

«እስክሪብቶ ይቀረጻል እንዴ?»

«አንች ደግሞ። ነገሩን ያዥ።»

እውነትም አርባ ደቂቃ ስንገለብጥ ዋልን። ከዚያ በኋላ ዘሃራ ዕጩዎቹን በሦስት መደበችልኝ። ከዳር ጀምሮ የሚጽፈው ኖት ያስገለብጣል። ጠመኔውን ኪሱ ከትቶ የሚያጨበጭበው በቡድን ያወያያል፤ ዴስክ ሊያስገፋን ነው። ጠመኔውን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ግድግዳ የሚደገፈው ደግሞ ተራኪ ነው። «እሱን ብቻ አድምጭው» ትለኛለች።

ሌላም ልማድ ነበራት። ጥያቄ ሲጠየቅ ቶሎ እጇን አታወጣም። «ቶሎ ካወጣሽ ጥያቄው የሕፃን ይመስለዋል፤ ጭራሽ ካላወጣሽ ይደነግጣል። ሦስት ጊዜ ተንፍሽና አውጭ» ትላለች። በቡድን ውይይት ጊዜ አንድ ልጅ «አይ፣ እኔ እንደዚያ አይመስለኝም» እንዲል ታዛለች፤ ሁሉም ከተስማማ ከኋላ ለተቀመጠው ገምጋሚ ወሬ ይመስላል። ኖት ስንገለብጥ ደግሞ አንዳችን ቀስ እንላለን፤ ዕጩው ለቀጣዩ እስኪያስብ ጊዜ ያገኛል።

ከሁሉ የምወድላት ግን በረፍት ሰዓት የምትጠይቀውን ጥያቄ ነው። ዕጩዎቹን አንድ በአንድ ትጠይቃለች።

«ቲቸር፣ እርስዎ ራስዎ ሲማሩ ግን በምን ዓይነት መንገድ ይወዳሉ?»

በቡድን የምታወያየን አንዲት ዕጩ ዙሪያዋን አይታ «እውነቱን ልንገርሽ? እኔ ሰው ቆሞ ሲያስረዳኝ ነው የሚገባኝ» አለቻት።

«ታዲያ እኛን ለምን ዴስክ ያስገፉናል?»

«ቅጹ ላይ አለዋ።»

ኖት የሚያስገለብጠው ደግሞ ጓደኞቹ ተሰብስበው ሲከራከሩበት ካልሆነ ምንም እንደማይገባው ነገራት። «ታዲያ ለምን?» ብትለው «ክፍል ውስጥ ጫጫታ ስለምፈራ» አላት። ዘሃራ ተመልሳ መጥታ ዳቦዋን እየቆረሰች «አየሽ፣ ማንም የሚወደውን አይሸጥም» ትለኛለች።

አለቆቻችን ሁለት አሠልጣኞች ነበሩ። አንደኛው ሽማግሌ ናቸው፤ ጸጥታና የሰሌዳ ጽሕፈት ይወዳሉ፤ እሳቸው ሲመጡ የእኛ ሥራ አለመተንፈስ ነው። ሁለተኛዋ መምህርት ስንዱ ናቸው። እሳቸው ተማሪ ሲነጋገር ማየት ይወዳሉ። ተማሪ ከተነጋገረ እስክሪብቶአቸው ይሮጣል፤ ዝም ካለ ቅጹን ደረታቸው ላይ አስደግፈው ይቀመጣሉ። ስድስተኛ ክፍል ስንደርስ ማን እንደሚመጣ ከኮሪደሩ በጫማ ድምፅ እንለይ ነበር። የሽማግሌው ይጎተታል፤ የመምህርት ስንዱ ቀጭን ነው፣ ሲሚንቶውን ጠቅ ጠቅ ያደርገዋል። ድምፁ እንደተሰማ ክፍሉ ራሱን ይለውጣል። ዕጩዎቹ «ይኸ ክፍል ዕድለኛ ነው፣ ማንም አይወድቅበትም» ይባባሉ እንደነበር ሰምቻለሁ። ኮርቼበት ነበር።

ሰባተኛ ክፍል እኔ የቡድን መሪ ሆንኩ። ያን ዓመት ከፋሲካ በኋላ ቲቸር ይበልጣል መጡ።

ረጅም ናቸው፤ የሸሚዛቸው እጅጌ አጭር ሆኖባቸው ነበር። የዲማ አካባቢ ሰው ናቸው፤ ልጅ ሆነው እዚያ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል። ሰሌዳው ላይ ምንም አልጻፉም። ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ግድግዳውን ተደገፉና እንዲህ አሉን፦

«ይበልጣል እባላለሁ። አምና ሌላ ትምህርት ቤት በዚሁ ልምምድ ወድቄአለሁ። ዘንድሮ ከወደቅሁ ማሠልጠኛው ያሰናብተኛል፤ ወደ አባቴ እርሻ እመለሳለሁ። አባቴ ይደሰታል፣ ሰው አንሶታል። እኔ ግን ማስተማር ነው የምፈልገው። እንግዲህ ታገሡኝ።»

ማንም ዕጩ እንዲህ ብሎን አያውቅም። ዘሃራ በክርኗ ነካችኝ።

የሚያስተምሩን አጠቃላይ ሳይንስ ነበር። በሦስተኛው ቀን ውሃ መሬት ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ነገሩን። ከጮቄ ተራራ ላይ አንዲት የዝናብ ጠብታ አነሱና ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ተከተሏት። ሣሩ ሥር ገባች፤ ጥቁሩ አፈር ውስጥ ቀስ አለች፤ አሸዋው ላይ ሮጠች፤ ድንጋይ አገኘችና ማለፊያ አጣች። ከዚያ በድንጋዩ ላይ እየተንሸራተተች፣ ጨለማ ውስጥ ከሌሎች ጠብታዎች ጋር እየተጋፋች ወራት ሄደች። በበጋ፣ ሰማዩ ደርቆ ሳለ፣ ከመንደራቸው በታች ካለው ገደል ሥር ምንጭ ሆና ወጣች። «እናቴ በመጋቢት የምትቀዳው የክረምቱን ዝናብ ነው» አሉ። ደወል ሲደወል ማንም አልተነሣም። በጋ ላይ ምንጭ ለምን እንደማይደርቅ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ውሃ ስጠጣ ጠብታዋ ትታየኛለች።

እንግዲህ የሠራሁት ጥፋት ይህ ነው።

የምልከታው ቀን ጠዋት የክፍል አለቃችን እየሮጠ መጣ። «መምህርት ስንዱ ናቸው የሚያዩአቸው» አለን። ደነገጥን። ቲቸር ይበልጣል ግድግዳ ተደግፈው ሊያወሩ፣ መምህርት ስንዱ ደግሞ ቅጹን ደረታቸው ላይ አስደግፈው ሊያዩአቸው ነው። ይወድቃሉ። ልጆቹን ሰበሰብኩ። «ጫማው ሲሰማ ዝግጁ ሁኑ፤ ገብተው እንደተቀመጡ ጣቴን አጮሃለሁ፤ ዴስኩን ገፍተን ቡድን እንሠራለን» አልኩ። ሁሉም እሺ አለ፤ ከዘሃራ በቀር።

«ተይው» አለችኝ።

«ሊወድቁ ነው እኮ።»

«ሳይጠይቁሽ? አባቴ ገዥው ሳይጠይቀው ጨርቅ አይቀድም።»

«ይኸ ሱቅ አይደለም፣ ዘሃራ።»

«እንዳልሽ» አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

ቲቸር ግድግዳቸውን ተደገፉ። «ትናንት የት ላይ ነበር ያቆምነው?» ማለት ሲጀምሩ ጠቅ ጠቅ የሚለው ጫማ ተሰማ። መምህርት ስንዱ ገብተው ከኋላ ተቀመጡ። ጣቴን አጮህኩ። አርባ ስምንት ልጅ በአንድ ጊዜ ተነሣ። የዴስኩ እግር ሲሚንቶው ላይ ሲጎተት ጣራው የሚወርድ ይመስል ነበር። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስምንት ቡድን ሆንን፤ ውይይቱም ተጀመረ።

«አይ፣ እኔ እንደዚያ አይመስለኝም» አለ ከእኔ ቡድን ደረጀ።

«ምኑ?» አለችው ጎኑ ያለችው።

«እኔ እንጃ። ትርንጎ ናት በል ያለችኝ።»

ትርንጎ እኔ ነኝ። ቀና ብዬ ሳይ ቲቸር ይበልጣል አንድ እጃቸው ግድግዳው ላይ እንዳለ ቀርቷል። «ልጆች» አሉ። ማንም አልሰማቸውም፤ በደንብ እየሠራን ነበርና። «ልጆች፣ እስኪ አንድ ጊዜ።» ጫጫታው በረታ። ከዚያ በቡድኖቹ መሃል መዞር ጀመሩ፤ ዕቃ እንደጠፋው ሰው አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ። ምን እንደምንወያይ አያውቁም፤ እኛም አናውቅም። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ተነሥቼ «ቡድናችን በሚገባ ተወያይቷል» ብዬ ሪፖርት አቀረብኩ። መምህርት ስንዱ እስክሪብቶአቸውን ከድነው ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ሲነጋገሩ በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ሰማን።

«ዕቅድህ ላይ ውይይት የሚል የለም» አሉ መምህርት ስንዱ።

«የለም።»

«ታዲያ ያየሁት ምንድን ነው? ክፍሉን የሚመራው ማን ነው?»

ቲቸር ጣታቸውን ወደ እኔ ቢቀስሩ ይድኑ ነበር።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«እኔ ግን ስትመራው አላየሁም። አልፏል ብዬ መጻፍ አልችልም፣ ይበልጣል።»

ተመልሰው ገቡ። ምንም ያልተጻፈበትን ሰሌዳ በዳስተር ጠረጉ። «ለእኔ ብላችሁ እንደሆነ ገብቶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሉንና ዕቅዳቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ወጡ። ዴስኮቹን ወደ ቦታቸው መለስን።

ዘሃራ ለሁለት ቀን «አላልኩሽም» አላለችኝም። ያ ከስድብ ይከብዳል። በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ስንወጣ «ነይ» አለችኝ።

«የት?»

«ማሠልጠኛው። ያበላሸሽ አንች ነሽ፤ ገና ነጥብ ሳይገባ ንገሪያቸው። እኔ ከኋላሽ እቆማለሁ።»

በር ላይ ዘበኛው አስቆሙን። «ማንን ፈልጋችሁ ነው?»

«መምህርት ስንዱን።»

«በምን ጉዳይ?»

«በሥራ ጉዳይ» አለች ዘሃራ። ዘበኛው ከላይ እስከ ታች አይተውን በሳቅ አፋቸውን ያዙና «ይለፉ፣ ባለሥልጣኖች» አሉን።

የመምህርት ስንዱ ቢሮ ጠባብ ነው፤ አንዱ ግድግዳ በሙሉ የአሮጌ ቅጾች ፋይል ነው። መነጽራቸውን አውርደው አዩን።

«ይበልጣል ነው የላካችሁ?»

«አይደሉም። መምጣታችንን አያውቁም» አልኩ። «ዴስኩን ያስገፋሁት እኔ ነኝ። እሳቸው አላዘዙንም። እርስዎ ቡድን ስለሚወዱ ነው።»

«ቡድን እንደምወድ ማን ነገራችሁ?»

ዘሃራ ከኋላዬ «ጫማዎን እናውቀዋለን» አለች።

ሁሉንም ነገርናቸው። የሽማግሌውን አለመተንፈስ፣ ሦስት ጊዜ ተንፍሶ እጅ ማውጣትን፣ «እንደዚያ አይመስለኝም» ማለትን። እየሰሙን ወንበራቸውን ወደ ፋይሎቹ አዞሩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምታደርጉት?»

«እኔ ከአራተኛ ክፍል» አልኩ።

«እንግዲያ እነዚያ ጎበዝ ብዬ ያሳለፍኳቸው ሁሉ . . .»

«አንዳንዶቹ የእውነት ጎበዞች ነበሩ» አለች ዘሃራ፣ አሳዝነዋት።

መምህርት ስንዱ ወደ እኔ ዞሩና «አንቺ ራስሽ ግን የሚገባሽ እንዴት ሲያስተምሩሽ ነው?» አሉኝ።

በሰባት ዓመት ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እኛ ዕጩዎቹን እንጠይቃለን እንጂ። የጠብታዋን ታሪክ ነገርኳቸው፤ ከጮቄ ጀምሬ፣ በጥቁሩ አፈር፣ በአሸዋው፣ በድንጋዩ ላይ አድርጌ እስከ ምንጩ። ስጨርስ በእጄ ጠብታዋ የምትሄድበትን መንገድ እያሳየሁ እንደነበር አየሁት። መምህርት ስንዱ እስክሪብቶአቸውን አስቀምጠው ነበር።

«መቼ ነው ይህን የተማርሽው?»

«ከሦስት ሳምንት በፊት።»

«ኖት ጽፈሽበታል?»

«አልጻፍኩም።»

«ዓርብ ድጋሚ አየዋለሁ» አሉ። «አንድ ነገር ግን ቃል ግቡልኝ። ምንም እንዳትሠሩ።»

«ምንም?»

«ምንም። እንዳትረዱት።»

በሥራ ዘመኔ እንደዚያች ዓርብ የከበደኝ ቀን የለም። መምህርት ስንዱ ገብተው ተቀመጡ፤ እኛም እጃችንን አጣጥፈን ተቀመጥን። ቲቸር ይበልጣል ግድግዳቸውን ተደገፉ። የዕለቱ ትምህርት ጨረቃ ለምን ቅርጿን እንደምትለውጥ ነበር። አወሩ፤ እንደ ሁልጊዜውም ጥሩ አወሩ። ጨረቃ የራሷ ብርሃን እንደሌላት፣ ፀሐይ እንደምታበራላት፣ ምድርን ስትዞር እኛ አንዳንዴ የበራውን ፊቷን፣ አንዳንዴ ጎኑን ብቻ እንደምናይ ነገሩን። ድምፃቸው ደስ ይላል። ነገሩ ግን አልገባኝም።

«ገባችሁ?» አሉ።

«አዎ፣ ቲቸር» አለ ክፍሉ። እንደዚያ ማለት ልማዳችን ነው፤ በምልከታ ቀን ሌላ መልስ ተሰጥቶ አያውቅም።

እኔም አንገቴን ልነቀንቅ ነበር። ነገር ግን አሰብኩ፤ ሳይገባኝ ብነቀንቅ፣ ያ መሥራት ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ የሠራሁት እሱን ነው። ምንም አትሥሩ ተብለናል። በሌላ በኩል ደግሞ ከኋላ ገምጋሚ ተቀምጠው «አልገባኝም» ማለት፣ ሰውዬውን ወደ እርሻቸው መሸኘት መሰለኝ። ዘሃራን አየኋት። ልትነግረኝ አልፈለገችም፤ ዓይኗን ሰሌዳው ላይ አደረገች።

አንድ ጊዜ ተነፈስኩ። ሁለት ጊዜ። ሦስት ጊዜ።

«ቲቸር፣ እኔ አልገባኝም።»

ክፍሉ ወደ እኔ ዞረ። ደረጀ አፉን ከፈተ። ቲቸር ከግድግዳው ተላቀው ቀጥ አሉ።

«የቱ ላይ?»

«የሚጋርዳት የምድር ጥላ አይደለም እንዴ? እኔ ሁልጊዜ የሚመስለኝ እንደዚያ ነው።»

«እኔም» አለ አንድ ልጅ። «እኔም» አለች ሌላዋ።

ቲቸር ይበልጣል መልሰው ሊያወሩት ነበር፤ አላወሩትም። ወደ መስኮቱ ተመለከቱ። የጠዋት ፀሐይ በዚያ በኩል ገብታ ወለሉ ላይ ተነጥፋለች።

«ማነው ዛሬ ድንች ቋጥሮ የመጣ?»

ደረጀ ቀስ ብሎ ምሳ ዕቃውን አወጣ። የተቀቀለ፣ የተላጠ ድንች። ቲቸር አንዱን መርጠው እስክሪብቶአቸው ጫፍ ላይ ሰኩና ሰጡኝ።

«ነይ፣ ፀሐይዋ ላይ ቁሚ። ጭንቅላትሽ ምድር ነው። ድንቹ ጨረቃ። ክንድሽን ዘርጊና ከራስሽ በላይ ከፍ አድርገሽ ያዥው። አሁን ፊትሽን ወደ መስኮቱ። ምን ታያለሽ?»

«ጨለማ ነው። የበራው በዚያ በኩል ነው።»

«ቀስ ብለሽ ዙሪ።»

ዞርኩ። በድንቹ ጠርዝ ላይ ቀጭን ብርሃን ወጣ። ትንሽ ስዞር ግማሽ ሆነ። ጀርባዬን ለመስኮቱ ስሰጥ ድንቹ በሙሉ በራ። «ሙሉ ጨረቃ» አልኩ፤ ለራሴ ነው ያልኩት።

«የማን ጥላ ነው የጋረዳት?»

«የማንም። የራሷ ጨለማ ፊት ነው።»

«አሁን ዝቅ አድርጊው።»

ዝቅ ሳደርገው የራሴ ጥላ ድንቹ ላይ አረፈና ጨለመ። «ያ ግርዶሽ ነው» አሉ። «አንቺ ያልሽው የምድር ጥላ እሱ ነው፤ አለ፣ ግን ከስንት አንዴ ነው የሚመጣው።»

ከዚያ ማን ይያዘን፤ ሁሉም መጣ። የደረጀ ምሳ በሙሉ ጨረቃ ሆኖ አለቀ። ተራ የያዘ፣ የሚዞር፣ «ድንቹን ከፍ አድርግ፣ ግርዶሽ አደረግኸው» የሚል። ወረፋው መጨረሻ ላይ አንድ ትልቅ ሰው ቆሞ አየሁ። መምህርት ስንዱ ናቸው። ተራቸው ሲደርስ መነጽራቸውን አስተካክለው ድንቹን ከፍ አድርገው ያዙና በቀጭኑ ጫማቸው ቀስ ብለው ዞሩ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ሙሉ ጨረቃው ላይ ሲደርሱ ቆሙና «እኔም ጥላ ይመስለኝ ነበር» አሉ፤ ለቲቸር ይበልጣል ብቻ የሚሰማ መስሏቸው።

ቅጹን ኋላ ወንበር ላይ ትተውት ነበር። አየሁት፤ ማየት እንደማይገባኝ አውቃለሁ። «የማስተማር ዘዴ» በሚለው ሥር «ገለጻ» እና «የቡድን ሥራ» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ። አንዱም ላይ ምልክት የለም። «ጠንካራ ጎን» በሚለው መስመር ላይ ግን እንዲህ ተጽፎ ነበር፦ «ተማሪዋ አልገባኝም አለችው።»

ቲቸር ይበልጣል አለፉ። አሁን ዲማ አቅራቢያ ያስተምራሉ። ጥቅምት ላይ ወደ ማርቆስ በመጣ ሰው ለክፍላችን አንድ ፌስታል ድንች ላኩልን። እንድንበላው ነው አሉ።

ስምንተኛ ክፍል የመጨረሻ የሥራ ዓመቴ ነበር። ከመካከለኛው ወንበር አልተነሣሁም። ጫማ ሲሰማ ክፍሉ መለወጡን ቀስ በቀስ ተወ፤ አንዳንድ ዕጩዎች ደንግጠዋል፣ አንዱ ደግሞ በድጋሚ ታይቷል። ሥራው ያለ እኛ እርዳታ ለሁላችንም ከበደ። ዘሃራ አሁን ሌላ ክፍል ናት፤ በረፍት እንገናኛለን። አሁንም ስለ ሰው እጅ ትነግረኛለች።

ዘጠነኛ ክፍል መምህራኑ ዕጩ አይደሉም፣ ከኋላ የሚቀመጥም የለም። እዚህ ማንም አያውቀኝም። የፊዚክስ መምህራችን በመጀመሪያው ሳምንት ሰሌዳውን ከግራ ጫፍ ጀምረው ሞሉና ወደ እኛ ዞረው «ገባችሁ?» አሉ።

«አዎ» አለ ክፍሉ።

ጡረታ ወጥቻለሁ ብዬ ነበር። ሦስት ጊዜ ተነፈስኩና እጄን አወጣሁ።